ዲግ እና ፕላው

በደርግ ጊዜ ነው። ከአብርሃ ጅራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ ከትራክተር ሰልጣኞች ሁሉ ሴት ታንጉት ብቻ ነበረች። አሰልጣኙ አዱኛ የጎንደር ልጅ ነው፤ ስለ ሞተር ሲናገር የሚያቆመው የለም፣ ታንጉት ቀና ብላ ስታየው ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

የማሽኑ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለነበር አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጻፈ፤ ዲግ እና ፕላው።

«ሁለቱም አፈር መንካት አይደሉም?» አለች ታንጉት።

«ዲግ መቆፈር ነው፤ አንድ ቦታ ቆመሽ ወደ ታች ትወርጃለሽ። ፕላው ማረስ ነው፤ አፈሩን እየገለበጥሽ ወደ ፊት ትሄጃለሽ።»

«በእኛ ቤት ሌላም ልዩነት አላቸው» አለች። «መቆፈር ለሴት ይፈቀዳል፤ ዶማ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ወደዚህ ሳንመጣ፣ ጎጃም ሳለን ግን አንድ ቀን እርፍ ብጨብጥ አባቴ በሬዎቹን ፈትተው ቤት ገቡ። ሴት ካረሰች ዝናብ ይቀራል ይላሉ።»

ሰልጣኞቹ ሳቁ። አዱኛ አልሳቀም። የትራክተሩን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖረው፣ እጁንም ቶሎ አላነሳም። ያን ጊዜ ወደደችው።

አባቷ አቶ ገብረማርያም በትራክተር ልታርስ መሆኑንና አዱኛን መውደዷን ሲሰሙ ፊት ነሷት። የአዱኛን ስም መስማት እንኳ ጠሉ።

«ዝናብ ቢቀር አገሩ ማንን ይረግማል?» አሏት።

«ከቀረ ትራክተሩንም አዱኛንም እተዋለሁ፣ አባባ» አለች።

ደረቁን መሬት አረሰች። ግንቦት አለቀ፣ ዝናብ ጠብ አላለም። አዱኛ በየጠዋቱ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ እሷ ሥራዋን ታያለች። ሰኔ በገባ በሳምንቱ ዶፉ ወረደ።

አቶ ገብረማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ማሳው ሄዱ። ትልሙ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ውሃ ይዟል። ብዙ ቆሙ። እርጥቡን አፈር ዘግነው አይተው ተመለሱ።

ሰሊጡ ከተሰበሰበ በኋላ የአዱኛ ሽማግሌዎች መጡ።

«ልጃችን ጎበዝ አራሽ ነው» አሉ።

ታንጉት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታያለች። አባቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ እንደዚያን ቀን ኮርተው አይታቸው አታውቅም።

«አራሽስ እኔም ቤት አለች» አሉ። «ልጃችሁ ከእሷ እኩል ማረስ ከቻለ፣ ይውሰዳት።»