የዘጠኝ ቀን ጠበል

የአቶ በላይነህ ሬሳ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ሲጋደም ልብሳቸው ከላብ ገና አልደረቀም ነበር። ነሐሴ ዘጠኝ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወድቀው ነው። በማግስቱ ከቀብር መልስ፣ ታናሽ ወንድማቸው ባዩ ንፋስ መውጫ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሟችን ልጅ ራሄልን በአባቷ ሞት ከሰሰ። ራሄል ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች፤ አራተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት መምጣቷ ነበር።

ሳጅን ስንታየሁ ለቅሶ ቤቱ ደርሶ መጀመሪያ ባዩን ጠየቀ።

«በዓይኔ ያየሁትን ነው» አለ ባዩ። «የስኳር በሽተኛ ወድቆ፣ እሷ ስኳር በእፍኟ ይዛ አፉን ልትፈለቅቅ። እጇን መትቼ አስጣልኳት። አራት ዓመት የተማረችው ይህንን ነው?»

«ከአፋቸው ገባ?»

«አንዲት ፍሬ አልገባችም።»

ራሄል ጥግ ላይ ተኮራምታለች።

«ስኳሩ ወርዶባቸው ነበር» አለች። «ክኒኑ ስኳር ያወርዳል፤ ሳይበሉ ከወሰዱት ይገድላል። ጾሙ ሊገባ ሲል እስኪፈታ እንዲተዉት ነግሬያቸው ነበር።»

«ማን ሰማሽ?»

«እማዬ ነበረች።»

ስንታየሁ መድኃኒቱን እንዲያሳዩት ጠየቀ። የሟች ሚስት ወይዘሮ ጌጤ ከሣጥን አውጥተው ሰጡት። ራሄል እንደነገረችው፣ እሽጉ ጾሙ ሲገባ አልተነካም ነበር። አሁን ዘጠኝ ቦታ ተበስቷል። ከዚያ ስንታየሁ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የሟችን፣ የሚስታቸውንና የራሄልን ጣሳዎች አንድ በአንድ አሸተተ፣ በጣቱም ውስጣቸውን ዳሰሰ።

ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

«የጤና ጣቢያው ባለሙያ ጣታቸውን ወግቶ ሲለካ ስኳራቸው ሃያ ሁለት ነበር፤ አልቋል ማለት ነው። ራሄል እውነቷን ነው። ክኒኑ ግን ዘጠኝ ጎድሏል። ጾሙ ከገባም ዘጠኝ ቀን ነው። አቶ በላይነህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ ክኒን አይውጡም። ማለዳ የሚጠጡት ጠበል ብቻ ነው። ሁላችሁም ከአንድ ጄሪካን ትጠጣላችሁ፤ ነጭ ዱቄት የተጣበቀው ግን ከእሳቸው ጣሳ ሥር ነው።»

«ይኸው!» አለ ባዩ። «ወቅጣ አጠጣችው።»

«መግደል የፈለገ ዘጠኙን ባንድ ቀን ይሰጣል፣ አቶ ባዩ። በቀን አንድ የሚሰጥ አስታማሚ ነው። ጠበሉን የሚቀዳላቸው ማን ነበር?»

ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ።

«እኔ ነኝ። ሐኪሙ አንድ ቀን እንዳያስተጓጉል ብሎናል፤ እሷ ገና ተማሪ ናት ብዬ። ጾሜን ያስገድፈኛል ሲለኝ፣ እየፈጨሁ በጠበሉ ሰጠሁት። አንድም ቀን አላስተጓጎልኩበትም።»

ባዩ መዳፉን እያየ ቆየ።

«ራሄል፣ ያን ስኳር ባላስጥልሽ ይተርፍ ነበር?»

ስንታየሁ ቀና አለ። አቶ በላይነህ ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደተነፈሱ፣ ስኳሩ ሊያድናቸው ይችል እንደነበረም ባለሙያው ነግሮታል። ራሄል እናቷን አየች፤ ቀጥሎ አጎቷን።

«አይ ጋሼ። ጊዜው አልፎ ነበር።»

ሳጅኑ ይህንን አልጻፈም። ብዕሩን ኪሱ ከቶ ተነሳ።

«ለእናትሽ ጋቢ ደርቢላቸው» አላት። «ፖሊስ ጣቢያው ይበርዳል።»