ጣሳዋ ገደለችው

ልብስ ሰፊው የሞተው በገዛ ግቢው የብረት በርና በገዛ መኪናው መሀል ተጣብቆ ነው። ጠዋት በሩን ሊከፍት ወርዶ ሳለ ከቁልቁለቱ ጫፍ የቆመችው መኪና ተንደርድራ ደረሰችበት። መርማሪዋ ስትመጣ አስከሬኑ ገና መነሣቱ ነበር፤ ፍርዱ ግን ቀድሟት ተሰጥቷል። ከበሩ ውጭ የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ «ጣሳዋ ገደለችው።»

ጣሳ ያሏት ርካሽ ስለሆነች ነው። ቆርቆሮዋ በጣት ይሰረጉዳል፣ ዳገት ላይ ታለቅሳለች፣ የእጅ ፍሬኗ አይይዝም ይባላል። አብዛኞቹ ነድተዋት አያውቁም፤ የሚነዷትም ቢሆኑ ወሬውን ያምኑታል። በዚያ ሰፈር ጣሳ ስትቆም ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይደረጋል።

ባልደረቦቿ መርማሪዋን «ወይዘሮ ግን» ይሏታል። ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብላ አየች። ማርሹ ወጥቶ ኒውትራል ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ እስከ ታች ወርዷል። ከቁልቁለቱ ጫፍ አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘች። አሸተተችው። ማንም ሳያያት በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሟቹ ልጅ የመኪናዋን ቁልፍ ጨብጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ማታ ያቆምኳት እኔ ነኝ።»

«የእጅ ፍሬኑን ስበሽ ነበር?»

«ስቤያለሁ፤ ማርሽም አስገብቻለሁ። ጠዋት እርግጠኛ ነበርኩ። ሁሉም ሲጠይቀኝ ጊዜ ግን… እንጃ።»

«ድንጋይስ?»

«አላደረግኩም። አባዬ ሌላ ከተማ ጋራዥ አስመርምሯት ሲመለስ፣ ምንም አልሆነችም፣ ድንጋይ አያስፈልጋትም አለኝ። አመንኩት።»

ጎረቤቱ ጡረተኛ የራሱን ጣሳ ተደግፎ ነበር። «ነጩ ድንጋይ የት ሄደ? ሁሌ እሱን ነበር የሚያደርገው። በዚች ነገር ልቡ አብጦ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው!»

የሟቹ ሚስት ወንድም እያለቀሰ መጣ። መካኒክ ነው፤ ጋራዡ የሚኖረው በሰፈሩ ጣሳዎች ነው። የእህቱን ልጅ አቀፋት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ድንጋዩን ደህና አድርገሽ ብታስደግፊው ኖሮ…» ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ያ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ሙልጭልጭ ነው፤ ጎማ መች ይይዛል!»

«ግን» አለች መርማሪዋ፣ አልጨረሰችውም።

ጓሮ ውስጥ የሟቹ ሚስት ባዶ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ታፈጣለች። የገንዳው አንድ እግር ሥር ነጭ ድንጋይ ገብቷል፤ ወገቡ በጎማ ጠቁሯል።

«ማን ነው እዚህ ያደረገው?»

«እሱ ነው። ‹ከእንግዲህ ሥራ ፈት ነው፣ ለገንዳሽ ይሁን› አለኝ።»

«ምን ቢያገኝ ነው?»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። «እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም በሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋን አስገፍታ ወደ ቦታዋ መልሳታለች። ራሷ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሟቹ የቆመበት ላይ፣ ለመኪናዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ኧረ እዚያ አይቁሙ!» አለ ጎረቤት።

«ከረፋድ ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ በእጅ ፍሬን ብቻ» አለች መርማሪዋ። «ያልያዘ ፍሬን ደግሞ እንደተሳበ ይቀራል እንጂ ራሱን አያወርድም። ማርሹም ብቻውን አይወጣም።»

«ረስታው ይሆናላ!» አለ መካኒኩ።

«እሷ ፍሬኑንና ማርሹን ረስታ ቢሆን ማታውኑ በወረደች ነበር፤ እስከ ጠዋት ማን ያዛት? ድንጋይ እንዳልል፣ እሷ ድንጋይ አላደረገችም፤ የቤቱም ድንጋይ ገንዳ ደግፏል።» ጋዜጣውን መካኒኩ ፊት ፈታችው። «ይህ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የሞተር ዘይት ጠጥቷል። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁሉም ስለ ነጭ ድንጋይ ሲያወራ እርስዎ ብቻ ጥቁር አሉ።»

ድንጋዩን እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ሟቹ በሩን ሊከፍት ሲወርድ እርስዎ ፍሬኑን አወረዱ፣ ማርሹን አወጡ። ከዚያ ድንጋዩን ፈልገው አጡት። ጣሳ ያለ ድንጋይ ቆማ አይተው ስለማያውቁ፣ ከራስዎ መኪና አንዱን አምጥተው፣ የተንሸራተተ እንዲመስል አስቀመጡ። ወሬውን ሲያወሩት ኖረው እርስዎም አመኑት። ያኛው ጋራዥ ምን አለው? ለወጥኩ ያሉት ዕቃ ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ አይደል? ሟቹ ይህን ለደንበኞችዎ ሊናገር ነበር።»

መካኒኩ እንባው ደርቋል። «እነሱ ራሳቸው እኮ ናቸው ተበላሸች እያሉ የሚመጡት! ደህና ናት ስላቸው ተቀይመው ሌላ ጋ ሄደው ይከፍላሉ። ምን ላድርግ? እሱ ደግሞ ‹ራስህ ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። በየትኛው ፊቴ?»

ልጅቷ አጎቷን አላየችም። እናቷን ነው ያየችው።

«እማ፣ አባዬ ነግሮሽ ነበር?»

«ተይው ብዬው ነበር… ወንድሜ ነው።»

«ጠዋት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ስልሽስ?»

እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ልጅ ጠበቀች።

መካኒኩ ተወሰደ። ጡረተኛው አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ግቢው ተሻገረ። ሁሉንም ሰምቷል፤ ጣሳዋ ያለ ድንጋይ ቆማ ስትውልም አይቷል። መኪናው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ጎማው ሥር ገፋ አደረገው፤ አልበቃውም፣ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። ቀና ሲል የልብስ ሰፊው ልጅ ከመንገዱ ማዶ እያየችው ነበር።

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አላት።