አራት ደቂቃ የፈጀ ልምምድ

መምህሩ የሞተው ተማሪዎቹ እያጨበጨቡለት ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተንጋሎ ነበር። ፊቱ አብጧል፤ አንድ እጁ ክፍቱን በቀረው ቦርሳው ውስጥ ነው። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «አሁን ምን እየሠራሁ ነው?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል። ጠረጴዛዎቹ ላይ የተማሪዎቹ መልስ የሰፈረባቸው ሦስት ወረቀቶች ቀርተዋል። አንድ በአንድ አነበበቻቸውና ወደ ሦስተኛው ተመልሳ ቆየችበት።

ሐኪሙ ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልደከመም።

«ከክፍል በፊት በጠጣው ሻይ ውስጥ የላመ ኦቾሎኒ ተጨምሯል። ሰውነቱ ስለማይቀበለው ጉሮሮው አብጦ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ሰው እብጠቱን የሚያስታግስለትን መርፌ ከአጠገቡ አያርቅም። ቦርሳው ውስጥ ያለው ግን ባዶ ማኅደሩ ብቻ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ሦስት ናቸው፤ አንድ ሾፌር፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊና የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የሆነችው የመምህሩ ታናሽ እህት።

ሾፌሩ ኪሱ ኦቾሎኒ የማይጠፋው ሰው ነበር። መርማሪዋ መጀመሪያ ለጥያቄ ያስቀመጠችው እሱን ነው።

«ጨዋታው እንዴት ነው?»

«እሱ ድምፅ ሳያሰማ የሆነ ነገር ያስመስላል። ጥርሱን ይቦርሻል፣ መኪና ይነዳል። እኛ ምን እየሠራ እንደሆነ ጽፈን ወረቀቱን ከፍ እናደርጋለን። መጨረሻ ላይ አንገቱን ይዞ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቦርሳውን በረበረ። እኔ ‹ቁልፍ እየፈለግክ ነው› ብዬ ጻፍኩ። እንደዛሬ አሳምሮ አያውቅም ብለን አጨበጨብን።»

«ይወዱት ነበር?»

ሾፌሩ ጫማውን አየ። «ምሳሌ ያደርገኛል። ‹ሾፌሩ አይገባውም› ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር እንዲህ ነው የሚነገረው ይላል። ስቄ አልፈዋለሁ።»

ሻዩን ያፈሉት ልብስ ሰፊዋ ነበሩ።

«እትዬ፣ ሻዩን ከእጅዎ ነው የተቀበለው?»

«ከእጄ ነው ልጄ። ጉንፋን ይዞት ስለነበር ወተት አበዛሁለት። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ጽሕፈት ቤት፣ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ትቼው እጄን ልታጠብ ሄጃለሁ።»

«ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ያውቁ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን። ‹እኔ ኦቾሎኒ አልበላም› የሚለው የመጀመሪያ ቀን ምሳሌው ነው።»

«ስለ እህቱስ ምን ይጽፍ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹እህቴ አታገባም› ይላል። የማይለወጥ ነገር ነው እያለ በየሳምንቱ ይጽፈዋል። የሚያስነብበው ደግሞ እሷኑ ነው። ‹አልተሰማኝም፣ እንደገና› ይላታል።»

እህትየው ስትጠየቅ ዐይኗ በለቅሶ ቀልቶ ነበር። «ጨዋታ መሰለኝ» አለች። «እንደ ሰው ሁሉ ገመትኩ።»

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። ለሟቹና ለእህቱ አጎት ስልክ ደወለች፤ አንድ ፖሊስም ጽሕፈት ቤቱን እንዲፈትሽ ላከች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ኦቾሎኒ ይዞ የሚዞረው ሾፌሩ፣ ሻዩን ያፈሉት እትዬ ስለሆኑ በቅድሚያ የጠረጠርኩት እነሱን ነው» አለች። «ግን መርፌውም መወሰድ ነበረበት። ቦርሳው ትምህርት እስኪጀመር የሚቀመጠው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነው። ሻዩም ጠባቂ አጥቶ የቆየው እዚያው ነው።»

«ይሄ እኔን ወንጀለኛ አያደርገኝም» አለች እህትየው።

«አያደርግሽም። ያሳወቀኝ ወረቀትሽ ነው። ሾፌሩና እትዬ እንዲህ ያለ ሕመም አይተው አያውቁም፤ ጨዋታ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። አጎትሽ እንደነገሩኝ ግን ወንድምሽ በልጅነቱ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ሁለቱንም ጊዜ ሮጠሽ ሰው የጠራሽው አንቺ ነሽ። እዚህ ክፍል ከነበሩት ውስጥ የሚሆነውን ስታዪ መገመት የማያስፈልግሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺ ግን ‹እየጨፈርክ ነው› ብለሽ ጻፍሽ። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ነጥቡ እንኳ አልቀረም።»

መርፌውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይሄ ከፎቶ ኮፒ ማሽንሽ የወረቀት መሳቢያ ነው የተገኘው።»

እህትየው መርፌውን አየችው፤ አልነካችውም።

«ዐይኑ እኔ ላይ ነበር» አለች ረጋ ብላ። «እጁን ዘረጋልኝ። ያኔ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። አንብቦታል። ስሕተት አላገኘበትም።»

ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ እህትየውን ይዘዋት ወጡ።

የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ሲጮህ የሚያነሳው ስለጠፋ መርማሪዋ ራሷ አነሳችው። የደወሉት እናትየው ነበሩ፤ የልጃቸውን መርዶ ሰምተዋል፤ ከዚያ በላይ የነገራቸው የለም።

«እህቱ አጠገቡ ነበረች?» ሲሉ ጠየቁ።

«ነበረች፣ እናቴ።»

«ተመስገን» አሉ እናትየው። «ብቻውን አልሞተም።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀሪውን መናገር ሥራዋ ነበርና ነገረቻቸው።