ዱልዱም ስፒሎች

«ዓይኔ ነው ወይስ እጄ?»

ልብስ ሰፊዋ ዐስሊ ድሪያውን፣ ረጅሙን የሶማሌ ቀሚስ፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ይዛ ልጇን ዱኒያን ጠየቀች። ፀሐዩ በስሱ ሐር ውስጥ አልፎ ቦግ ብሏል፤ ደረቱ ላይ ስፒል በተሰካበት ሁሉ ክሩ ተስቦ ጨርቁ ተጨማድዷል። አንዳንዱ ቦታማ ተቀዷል።

«ዱኒያ፣ አንቺን እኮ ነው!»

«እኔ እንጃ፣ ሆዮ።»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ለእናቷ መንገር ግን አቃታት።

የእናቷ ስፒሎች ዘመድ በባቡር ከጅቡቲ ያመጣላት ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ ራሳቸው ሰማያዊ ብርጭቆ፣ ሐር ውስጥ ሲገቡ ጨርቁ እንኳ የማያውቃቸው። ዐስሊ ስፒል ስትመርጥ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርገዋለች። ሹሉን ከዱልዱሙ የምትለየው እንደዚያ ነው።

የዱኒያ የልብ ጓደኛ አያን ግን ከቀፊራ ገበያ የገዛችው የሂጃብ ስፒል ሻሿን እየሳበ አስቸገራት። «አቦ፣ ከእናትሽ አንድ ስጪኝ!» አለች። ዱኒያ ሰጠቻት። ከዚያ ሌላ ጨመረችላት፤ ከዚያ ለክፍላቸው ሴቶች ሁሉ ማደል ተጀመረ። ዐስሊ ስፒል የምትሰካበት ትንሽ ትራስ ሲራቆት አያን ዘዴ አመጣች፦ «የቀፊራውን ሰኪበት። ራሱ ያው ሰማያዊ አይደል? ወላሂ አታውቅም!» ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

አሁን በሩ ተንኳኳ። የአያን እናት፣ ዱኒያ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያለች የምትጠራት ካፊያ ነበረች፤ ለትልቋ ልጇ ለሁዶ ሠርግ የሚሰፋውን ድሪያ ልትወስድ መጥታ ነው። አያን ከኋላዋ ቆማለች። ካፊያ ጨርቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና ቀስ ብላ ስፌት ማሽኑ ላይ አኖረችው። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ዐስሊ፣ እህቴ፣ ስኳር ከያዘሽ ወዲህ ዓይንሽ እንደደከመ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እያየሁ ነው የሰፋሁት፣ ካፊያ።»

«እያየሽ ይሄን?»

ዱኒያ አያንን አየቻት። አያን እጇን ወደ አገጯ አነሳችና ሂጃቧን የያዘውን ሰማያዊ ራስ በጣቷ ሸፈነችው።

«እማ፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው፤ እንሂድ በቃ!»

ካፊያ ጨርቁን ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገች። «የሚድን ከሆነ ሌላ ሰፊ ጋ ልውሰደው። አንቺም ይብቃሽ። ለሰፈሩ ሰውም እነግርልሻለሁ፣ ሥራ እያመጡ እንዳያስቸግሩሽ።» በክፋት አልነበረም ያለችው።

እንግዶቹ እንደወጡ ዐስሊ ማሽኑን ጨርቅ አለበሰችው። «ቦና ገዢ ይፈልግለት» አለች። ቦና ጎረቤታቸው ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ያሻሽጣል።

ዱኒያ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «ሆዮ፣ ዓይንሽ አይደለም። እጅሽም አይደለም። ስፒሉን ቀይሬብሽ ነው። እኔና አያን ነን።» ሁሉንም ዘርግፋ ነገረቻት። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ጥፊውን ጠበቀች።

ጥፊ አልመጣም። ዐስሊ ከትራሱ ላይ አንዱን ስፒል ነቅላ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ደግማ ዳበሰች። ጫን አድርጋ ያዘችው።

«ይሄ ዱልዱሙ ነው?»

«አዎ።»

«አይሰማኝም» አለች ዐስሊ። «ስኳሩ ጣቴን አደንዝዞታል፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። የቀየርሽው አንቺ ነሽ። ያላወቅኩት ግን እኔ ነኝ። ድሮ ቢሆን ዱልዱሙን ገና ጨርቁን ሳይነካ እለየው ነበር።»

«በጥሩው ስፒል ቢሆን እኮ አይበላሽም ነበር!»

«ዛሬ ባይበላሽ ነገ።»

ስፒሉን መልሳ ሰካችና ወደ ጓዳ ገባች። መጋረጃው ከኋላዋ ወረደ።

ዱኒያ ወለሉ ላይ ቀረች። ከደቻቱ ድልድይ በኩል የባጃጆች ጥሩምባ ይሰማል። ኤዶ ካፊያ ይሄኔ ለስንቱ ሰው ነግራ ይሆን? እውነቱን ሄዳ ብትነግራትስ ምን ይለወጣል? የእናቷ ጣት አይድንም። ድሪያውም እንደነበረው አይሆንም። አያን ደግሞ ሁለተኛ አጠገቧ አትቀመጥም፤ ክፍል ውስጥ ከአያን ሌላ ማንም የላትም።

ስልኳን አነሳች። «ለምን ዝም አልሽ?» ብላ ለአያን ጻፈች፤ መልሳ አጠፋችው። እሷም ዝም ብላለች። እንደገና ጻፈች፦

«ነገ ከትምህርት በፊት እናንተ ቤት እመጣለሁ። ያደረግነውን ለእናትሽ እነግራታለሁ። ከፈለግሽ በር ላይ ጠብቂኝ፣ አብረን እንግባ።»

ላከችው። ወዲያው ተነበበ። አያን መጻፍ ጀመረች፤ ተወችው። እንደገና ጀመረች፤ ተወችው። ዱኒያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።

መልሱ ያን ቀን አልመጣም፤ ዱኒያ በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን በራቸውን አንኳኩታ ለኤዶ ካፊያ ከነገረቻት በኋላም አልመጣም።