ሁለቱ ቀይ ብርድ ልብሶች

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ብርድ ልብስ እዚህ ምን ይሠራል?»

አጉሊ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ቀረች። ፎቶው ላይ፣ በጣሪያዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። የአክስቷ ነው። መሃሉን ካውያ ስላቃጠለው ከሺህ ብርድ ልብስ ትለየዋለች። ጉዱ ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ቀይ ብርድ ልብስ መሰጣቱ ነው። እሱም መሃሉ ተቃጥሏል።

«አክስትሽ ሁለት አላቸዋ!» አለ ፓይለቱ ከጎኗ ወንበሩን እያወዛወዘ።

«ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ አቃጥላ?»

«አቦ አታካብጂ! መሐንዲስ መጥቶ ብርድ ልብስ ይቆጥራል እንዴ?»

«አጉሊ» የሚሏት ለዚህ ነበር። አጉሊ መነጽር ሳይኖራት ሰው ያላየውን ታያለች፣ አይታም ዝም አትልም። እሱን ደግሞ «ፓይለቱ» ያሉት የወንድሙን ድሮን ስለሚያበር ነው። ወንድሙ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ ተጣልተው እንኳን ማስቲካ የሚካፈሉ ጓደኛሞች ናቸው።

የጂኦግራፊ ክበቡ ሰፈራቸውን ከሰማይ አንስቶ አንድ ትልቅ ፎቶ ሊያሳትም ነው። ድሮኑ ወዲያና ወዲህ በመስመር እየተመላለሰ ቁርጥራጭ ፎቶዎች ያነሳል። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ትንሽ መደራረብ አለበት። ኮምፒውተሩ ሁለቱም ላይ ያለውን ጣሪያ ወይም ዛፍ እያመሳከረ ይሰፋቸዋል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ስለ ገደሉ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሰፈሩን ለሁለት የከፈለ ገደል አለ። ከማዶ ያሉ ልጆች በየቀኑ ወርደው፣ ድንጋይ ረግጠው፣ ቧጥጠው ይወጡታል። የአጉሊ ታናሽ እህት ሚጢጢ ባለፈው ክረምት እዚያ ተንሸራታ ክንዷ ተሰብሯል። ክበቡ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራ ሲለምን፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ «እስቲ መጀመሪያ ሰፈራችሁን አሳዩኝ» አለ። የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው።

የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የፎቶ መስፊያ ሶፍትዌሮች ጭነውላቸዋል። «የሚሻለውን እናንተ ምረጡ፤ ነገ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል» ብለው ስብሰባ ሄደዋል። አንደኛውን ልጆቹ «ቀልጣፋው» አሉት፤ ውሃ ጠጥተው ሳይመለሱ ጨርሶ፣ ስፌቱን አጥፍቶ፣ ቀለሙን አድምቆ ይጠብቃቸዋል። ሁለተኛው «ግትሩ» ነው። ጥግ ከጥግ በእጅ ካልገጠሙለት ወይ ፍንክች!

አጉሊ የቀልጣፋውን ፎቶ አጉልታ ከብርድ ልብስ ወደ ብርድ ልብስ ሄደች። ጣቷ ድንገት ቆመ።

«ገደሉ የታለ?»

«የቱ ገደል?»

«የእኛ ገደል ነዋ! ሚጢጢን የሰበራት!»

ገደሉ መሆን ባለበት ቦታ ጣሪያዎች ተደርድረዋል፤ ያማሩ፣ የሌሉ ጣሪያዎች። ቀልጣፋው ባዶ ቦታ ሲገጥመው የአክስቷን ግቢ ከነብርድ ልብሱ ገልብጦ ደፍኖበታል። በዚህ ፎቶ ላይ ድልድይ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ወዲያው ግትሩን ከፈተች። የውሃ ታንከር ከውሃ ታንከር፣ የበር ጥግ ከበር ጥግ እያገናኘች ስትገጥም ፓይለቱ ወንበሩን ማወዛወዝ ተወ። በመጨረሻ ሰፈሩ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። መሃሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። ግትሩ ያልሰጡትን አይሰጥም።

«እዚያ ላይ አልበረርክም» አለችው።

ፓይለቱ ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

«ድሮኗን ቅርንጫፍ ነካት» አለ ቀስ ብሎ። «ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ዛፍ። የአንዱ ክንፏ ጫፍ ተሸረፈ። ጋሼ ደግሞ ‹ጭረት ካየሁባት ሁለተኛ አታያትም› ብሎኛል። ቶሎ አውርጄ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኳት። እስካሁን አልከፈተውም።»

«ለኛ ግን ‹ጨርሻለሁ› አልከን። እኔም አጨበጨብኩልህ!»

«በናትሽ፣ ቀልጣፋውን እናትመው። ብርድ ልብሱን እኔ አጠፋዋለሁ። መሐንዲሱ ቦታውን ራሱ ሄዶ ያይ የለ?»

«ቢቸኩልስ? ፎቶውን ብቻ አይቶ ቢሄድስ? ደግሞ ያቺ ድሮን በተሸረፈ ክንፍ ሠርግ ላይ ተነስታ ሰው ራስ ላይ ብትወድቅስ?»

አጉሊ በጣም ተናዳለች፤ መጮህ ፈልጋለች። ግን ሚጢጢ የወደቀች ቀን አዝሏት እስከ ክሊኒክ የሮጠው ይሄው ልጅ ነው። ጫማው ገደሉ ውስጥ ቀርቶ በካልሲ ነበር የሮጠው።

በሩ ተከፈተ። «እሺ ልብስ ሰፊዎች!» አሉ ቲቸር እየገቡ። «የትኛው መርፌ ተመረጠ?»

ሁለቱም ፎቶዎች ጎን ለጎን ስክሪኑ ላይ ነበሩ። ቲቸር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄማ ሙሽራ ነው! ያኛው ግን ምነው ጥርሱ ወለቀ?»

ፓይለቱ የጫማውን ክር ያያል። አጉሊ አንድ ቃል ብትናገር በቂ ነው፤ ሙሽራዋ ነገ ማተሚያ ቤት ትገባለች፣ ክበቡ ይጨበጨብለታል፣ ፓይለቱም ይተርፋል።

«ግትሩን መርጫለሁ ቲቸር» አለች። «ሙሽራዋ ሜካፕ በዝቶባታል። እዚህ ጋ ገደሉ ነበር፤ በሌለ ጣሪያ ደፍናዋለች።»

«ታዲያ ፎቶው ለምን ጎደለ? ተነስቶ አልቋል ተብዬ ነበር።»

አጉሊ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የቀረውን መናገር ያለባት እሷ አይደለችም። ወደ ፓይለቱ ዞረች።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለ ፓይለቱ። ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ግን ቅርንጫፉንም፣ ክንፉንም፣ ውሸቱንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ቲቸር፣ ስልካቸውን እያወጡ። «መልቀሙን ከወንድምህ ጀምር። እንካ፣ ደውል።»

የወንድምየው ጩኸት ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። ፓይለቱ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ሲል አጉሊ ወንበሯን አስጠግታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ጩኸቱ በረደ፤ ፓይለቱ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

«መለዋወጫ ክንፍ አለኝ አለ። ነገ ጠዋት ራሱ ያበራል። እኔ ቦርሳ እሸከማለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ጢም እስካወጣ።»

በማግስቱ ከትምህርት በፊት ገደሉ አፋፍ ላይ ተገናኙ። ወንድምየው ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው፤ ፓይለቱ ቦርሳውን አዝሎ «ከፓይለትነት ወደ ተሸካሚነት!» ይላል፣ ለራሱ እየሳቀ። የአጉሊ አክስት ወሬውን ሰምታ ኖሮ ያላትን አንሶላ በሙሉ አጥር ላይ ዘርግታዋለች። «ካነሳችሁኝ አይቀር በደንብ አንሱኝ!» ብላ ከማዶ ጮኸች።

ድሮኗ ተነሳች። በዚያው ቅጽበት ሚጢጢ ቦርሳዋን አንግታ ከማዶ ብቅ አለች።

«አጉልዬ! ላውለብልብ ወይስ ልሩጥ?»

«ምንም አታድርጊ። እንደ ሁልጊዜው ተሻገሪ።»

ረፋድ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ አዲሶቹን ፎቶዎች ለግትሩ ሰጡት። አጉሊ ጥግ ከጥግ እያያዘች፣ ፓይለቱ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ!» እያለ ጥቁሩ ቦታ ቀስ በቀስ ተሞላ። ገደሉ ቡናማ፣ ጥልቅና አስቀያሚ ሆኖ ወጣ። በቁልቁለቱ ላይ፣ በአራት እግሯ የምትወርድ አንዲት ትንሽ ልጅ ትታያለች። ደግነቱ በዚያች ሰዓት ካላዩዋት በቀር ማን እንደሆነች ማወቅ አይቻልም።

ፓይለቱ ሳቁ ጠፋ። «ከላይ ሲያዩት ያስፈራል» አለ።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጠጋ አለ። የዛሬው ፎቶ የጠዋት ፀሐይ ነው፤ ያኛው ግን ከሰዓት በኋላ የተነሳ። የጣሪያዎቹ ጥላ ወዲህ ወድቆ ወድቆ፣ ገደሉ ጋ ሲደርስ ወዲያ ይዞራል። የተሰፋበት መስመር በግልጽ ይታያል።

«ሰው ‹ምንድነው ይሄ?› ማለቱ አይቀርም» አለ። «ትንሽ ቀለም ላልብሰው?»

አጉሊ መስመሩን በጣቷ ተከትላ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ከዚያ ፓይለቱን አየችው።

«ቢሉን እንነግራቸዋለን» አለችና ፎቶውን እንዳለ ወደ ፍላሹ ገለበጠችው።