ፋይሉ እስኪከፈት

ዐርዋ እንደ ማንኛውም የሶፍትዌር ባለሙያ አጥብቃ የምትጠላው መንቀራፈፍን ነበር፤ ፍቅር የያዛት ግን ኮምፒውተሯ ሲንቀራፈፍ ነው።

ጎሹ በጉባ ወረዳ የወንዝ ውሃ ከሚለኩ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ወላጆቹ በሠፈራ ዘመን ከወሎ ወደ ባምባሲ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። የዓመታት ልኬት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ታጭቆ አልከፈትም ሲለው፣ አሶሳ ዐርዋ ቢሮ ድረስ ይዞት መጣ፤ ከዚያ በኋላም አዲስ ልኬት በተጨመረበት ቁጥር ይመላለስ ጀመር። ጽሑፍ የሚከፍተው ፕሮግራም ፋይሉን በአንድ ጊዜ ሙሉውን ካልዋጥሁ እያለ ይታነቃል። እስኪከፈት ድረስ ሁለቱ በቢሮው ግቢ ማንጎ ሥር ይቀመጣሉ።

«ኮምፒውተርሽ ምጥ ላይ ናት እንዴ?» ይላታል።

«ወላሂ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው! ዓባይን በሙሉ በፍላሽ ጭነህባት!»

ይሳሳቃሉ። ሳቁ ሲያልቅ ዝም ይላሉ፤ እሷን ከሳቁ ይልቅ ዝምታው ይጥማት ነበር። እሱ እሷን ሲያይ ትደርስበትና ዓይኑን ወደ ቅርንጫፉ ይሰዳል። ሃይማኖታቸው እንደሚለያይ፣ ቤተሰብም እንደሚያስቸግር ያውቃሉ፤ ያንን ያነሣ ግን አልነበረም።

በዐርዋ ቤት ከሩቅ የመጣን እንግዳ ማጉላላት ነውር ነው። ጎሹ አቧራ ለብሶ በገባ ቁጥር ትሳቀቃለች። ስለዚህ ፍቅሯን በምታውቀው ሙያ ልትገልጽለት ቆረጠች፤ ለሳምንታት ደክማ አዲስ ፕሮግራም ሠራች። ይህኛው ፋይሉን በሙሉ አያነብም፤ ዓይን የሚያርፍባቸውን መስመሮች ብቻ ያሳያል፤ የቀረውን ሲፈለግ ያመጣል።

ጎሹ መጣ። ቁልፉን ተጫነች፤ ፋይሉ ወዲያው ተከፈተ።

«አለቀ?»

«አለቀ! ፕሮግራሙንም ፍላሽህ ላይ ጭኜልሃለሁ፤ ከእንግዲህ እዚህ ድረስ አትንገላታም።»

ስክሪኑን እንጂ ፊቱን አላየችም።

«እግዜር ይስጥሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ብዙ አስቸገርኩሽ።»

«ተቀመጥ እንጂ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ፍላሹን ነቅሎ ተነሣ። ለካስ የሚመጣው ለፋይሉ ብቻ ኖሯል ብላ ከፋት።

«መልካም መንገድ» አለችው።

አልተመለሰም። እሷም አልደወለችም።

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ከተተካ በኋላ፣ የጎሹ የሥራ ባልደረባ እየሩስ ለሌላ ጉዳይ ቢሮዋ መጣች።

«ጎሹ ደህና ነው?» አለቻት ዐርዋ፣ ወረቀት እያስተካከለች።

«ደህና ነው። ወደ ማንቡክ ተዛወረ፤ ባለፈው ጥር አገባ።» እየሩስ ሳቅ አለች። «ያንን ፋይል እኮ እኛ እዚያው ቆራርጠን እንከፍተው ነበር። እሱ ነው ‹ዐርዋ ዘንድ ካልወሰድኩት› እያለ ያስቸገረን! የሠራሽውንም ፕሮግራም ለሁላችን አደለን፤ ራሱ ግን አንድም ቀን አልተጠቀመበትም።»

ዐርዋ የተስተካከለውን ወረቀት እንደገና ማስተካከል ጀመረች።

«ምን ልበልልሽ?» አለቻት እየሩስ።

ልትል የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ ቢጠብቋት አንዱን ታገኘው ይሆናል።

«እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ» አለች፤ ይህንንም በጣም ፈጥና አለችው።