ሁለት ደጆች በመካኒሳ፣ የገና ዕለት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉልኝ፣ ብርዱ ይገባል። አንዲት የቅናት ነገር ላውጋችሁ።

ታኅሣሥ ፳፰ ቀን ፲፱፻፹፬ ዓ.ም. ነው፤ ዘመነ ዮሐንስ ነበርና ገና በሃያ ስምንት ዋለ። መንግሥት ከተለወጠ ስምንተኛ ወሩ ነው፤ የተበተነው ሠራዊት ከሰሜን በእግሩ ተመልሶ፣ ማዕረጉን ከትከሻው ነቅሎ፣ በመካኒሳ መንገድ ዳር በአሮጌ ካፖርት ተኮራምቶ ተቀምጧል።

የሟቹ የግራዝማች ቦጋለ ባለቤት ወይዘሮ ትሩፋት በየገናው ነዳያንን ያበሉ ነበር፤ እንጀራውን በወጥ አጥፈው በብረት በራቸው ክፍተት ያድላሉ፤ ሰፈሩም «የመካኒሳ እናት» ይላቸዋል። ይህችን ስም ከአንገታቸው ወርቅ ይበልጥ ይወዷት ነበር።

በዚያ ገና ሦስት ድስት ወጥ አሠርተው ቢጠብቁ፣ ወታደሮቹ ዝር አላሉም። በበሩ ክፍተት አጮልቀው ቢያዩ፣ ሁሉም ከመንገዱ ማዶ፣ ከቡዜ ግቢ ናቸው! ቡዜ ማለት ጎመንና ቃሪያ በጉሊት የምትቸረችር፣ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ሴት ናት። ከጉሊት ጓደኞቿ ጋር በሬ ተቃርጣ የደረሳትን መደብ ሥጋ ደጇ ላይ ዘርግታለች፤ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዱ አጥንት በመጥረቢያ ይከሰክሳል፣ ሌላው ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል፤ ሳቃቸው አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰማል።

ወይዘሮ ትሩፋት ነጠላቸውን አጣፍተው ተሻገሩ።

«አንቺ! ከደጄ ሰው ትነጥቂኛለሽ?»

«እንዴ፣ እትዬ ትሩፋት! እኔ እንጨት ፈላጭ ነው የጠራሁት።»

«ቃሪያ ቸርቻሪ ከመቼ ወዲህ ነው ግብር የምታበላው?»

«ግብሩማ የእርስዎ ነው እትዬ። እኔ ጋ የሠራ ይበላል፤ ሲሠራም ሽንኩርቱ ያስለቅሰዋል!» ብላ ሳቀች።

ሃምሳ አለቃ ዲንሳ የሚባለው መጥረቢያውን አስቀምጦ፣ እጅ ነሣ። «እናቴ፣ አይቀየሙን፤ ደጅ ቆመን መቀበል ገና አልለመድንም። እዚህ ግን ለሥራ ተፈለግን፣ መጣን።»

ወይዘሮ ትሩፋት ነዳያን ባበሉባቸው ዓሥራ ሁለት ዓመታት በሩን ገፍቶ «ግቡ» ማለት አንድ ቀን እንኳ አልታሰባቸውም ነበር። ተመልሰው ሦስቱንም ድስት አስወጡ፤ ወደ ቡዜም ግቢ አሻገሩት። ራርተው እንዳይመስላችሁ፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ወጣቸው ሳይበላ ገናው እንዳያልፍ፣ ያቺም ሴት ብቻዋን እንዳትመሰገን ነው።

ቡዜ ግን «እትዬ መጡልን!» ብላ ከመሃል አስቀመጠቻቸው፤ ጭልፋውንም አስያዘቻቸው፤ እሷ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ዞረች። ይህን ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ክብረት ደብተሩን በብብቱ ይዞ ደረሰ፤ ተመላሽ ወታደሮችን በገና ያበላውን ሰው ስም መዝግብ ተብሏል።

«መቼም እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ማን ይሆናል!» አለና መጻፍ ጀመረ።

አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። ወይዘሮ ትሩፋት ጭልፋውን እንደያዙ ዝም አሉ። ዲንሳ ቀና ብሎ አያቸውና ዓይኑን ወደ ትሪው መለሰ።

በጥምቀት ማግስት ዕድርተኛው ሲሰበሰብ ስማቸው ተነበበ፤ ጭብጨባው ደመቀ፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው ደግሞ የቡዜ እልልታ ነበር። ወይዘሮ ትሩፋት አንገታቸውን ደፉ፤ ያቺ እልልታ ከስድብ ይልቅ አቃጠለቻቸው። ቢሰድቧቸው ይመልሱ ነበር፤ ለዚህ ግን ምን ይመለሳል? ስሙን አገኙት፤ ቅናቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ቃሪያ የሚገዙት ሌላ ጉሊት ሄደው ሆነ።

ዛሬ ሁለቱም ሴቶች በሕይወት የሉም፤ የወታደሮቹም ዱካ ጠፍቷል። ደብተሩ ግን አለ። ታሪክ የሚይዘው ጸሐፊው ሲደርስ ጭልፋ የያዘውን ሰው ነው መሰለኝ፤ ውኃ ልትቀዳ የዞረችውን አይጠብቅም። ወይዘሮ ትሩፋትንም አትፍረዱባቸው፤ ማናችንም ብንሆን ዝም ልንል እንችላለን። ብቻ፣ ልጆቼ፣ ገና በመጣ ቁጥር፣ ደብተሩ ላይ ያልተጻፈችውን ቡዜን እናንተ አስታውሱልኝ።